የእጅ ሰዓትዎ ምን ያህል ትክክል መሆን አለበት? ፍላጎትን ለክቶ ሰዓትን የመፈተሽ አሠራር

የእጅ ሰዓት ሊገዛ የሚነሣ ሰው ሻጩን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ትክክል ይሄዳል?» ብሎ ነው፤ ሻጩም «ያለ ጥርጥር» ይለዋል፤ ግዢውም በዚሁ ይፈጸማል። ይሁን እንጂ ፈጽሞ የማይሳሳት የእጅ ሰዓት እስካሁን አልተሠራም። ስለዚህ ጥያቄው መሆን ያለበት «በቀን ስንት ሰከንድ ይሳሳታል?» የሚለው ነው፤ ከእርሱም በፊት «እኔ በምኖረው ኑሮ ስንት ሰከንድ ስሕተት ያስቸግረኛል?» የሚለው ይቀድማል። ይህንን ሳይመልሱ ስለ ሰዓቱ ጥራት መጨነቅ የወገብን ልክ ሳያውቁ ሱሪ እንደ ማሰፋት ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር አንባቢው በመጀመሪያ ፍላጎቱን በቁጥር እንዲያውቅ፣ ቀጥሎ በእጁ ያለውን ሰዓት እንዲፈትሽ፣ ከዚያም ሰዓቱን እንዳለ መያዝ፣ ማሠራት ወይም መለወጥ እንዳለበት እንዲወስን የሚያስችል ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ስልክ፣ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ሲሆን፣ ሥራው ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ እጅ የሚሠራበት ጊዜ ግን ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ደረጃ 1፦ ሰዓትዎን የሚያዩበትን ምክንያት ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ

ለሰባት ቀናት፣ ሰዓትዎን አይተው አንድ ነገር በወሰኑ ቁጥር ምክንያቱን በአጭሩ ይጻፉ፤ ከጎኑም ሰዓቱ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳት የሚያደርስብዎ ከስንት ደቂቃ ወይም ከስንት ሰከንድ ጀምሮ እንደ ነበር ግምትዎን ያስፍሩ። ከልማድ የተነሣ እጅን አይቶ ማለፍ አይቆጠርም። ብዙ ሰው ቀን ሙሉ ሰዓቱን ሲመለከት ይውላል፤ ወዲያው «ስንት ሰዓት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን እንደገና ማየት ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለው እይታ ምንም ዓይነት ትክክለኛነት አይፈልግም።

ሳምንቱ ሲያልቅ በወረቀቱ ላይ የሚገኘው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ እንደሚከተለው ይሆናል። ከሰው ጋር የተያዘ ቀጠሮ አምስት ደቂቃ ስሕተት ይችላል፤ የሐበሻ ቀጠሮ ከሆነማ ከዚያም በላይ ይችላል፤ በዚህ ረገድ የሰዓት ፋብሪካዎች ሊረዱን የሚችሉት ነገር የለም። በየስምንት ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ጥቂት ደቂቃ ቢያልፈው ወይም ቢቀድመው ችግር የለበትም። የሥራ መግቢያ ሰዓት አንድ ደቂቃ ያህል ትክክለኛነት ይፈልጋል፤ ነገር ግን የሚያከራክረው ሰዓት በእርስዎ እጅ ላይ ያለው ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለው ስለ ሆነ፣ የእርስዎ ሰዓት ከዓለም ሁሉ ይልቅ ከዚያ መሣሪያ ጋር መስማማቱ ይበልጣል። በረመዳን የማፍጠሪያ ሰዓት በደቂቃ ተለክቶ በሰሌዳ ይታተማል፤ ስለዚህ ለጾመኛው ግማሽ ደቂቃ የማያልፍ ስሕተት ይበቃዋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ምእመንም የሰከንድ ነገር አይነሣም። ከመዝገቡ ውስጥ ሰከንድ በትክክል የሚፈልግ ሰው ቢገኝ በቀጥታ ሥርጭት ዜና የሚያነብና የመሰለ ሥራ ያለው ነው፤ እርሱም ቢሆን በስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ባለው ሰዓት እንጂ በእጁ ባለው አይመራም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ መለየት አለበት፤ ጊዜን ማወቅና ቆይታን መለካት አንድ ነገር አይደሉም። የሰዓት ስሕተት ቀን በቀን እየተጠራቀመ የሚሄድ በመሆኑ፣ አሁን ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ለማወቅ ሲባል የሚያሳስበው ከመጨረሻው ማስተካከያ ወዲህ የተከማቸው ስሕተት ሁሉ ነው። ቆይታን ስንለካ ግን የሚያሳስበው በዚያች አጭር ቆይታ ውስጥ የተፈጠረው ስሕተት ብቻ ነው። አንዲት ነርስ የበሽተኛዋን ትንፋሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ስትቆጥር፣ በቀን 30 ሰከንድ የሚሳሳት ሰነፍ ሰዓት ብታስር እንኳ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሚደርሰው ስሕተት የአንድ ሰከንድ ሃምሳኛ ያህል ነው። ለነርሷ የሚጠቅማት ውድ ሰዓት ሳይሆን፣ የሰከንድ ቆጣሪው (መርፌው) ከርቀት በግልጽ የሚታይና ውሃ የማያስገባ ሰዓት ነው። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ፣ አንድ ተመልካች በቀን 10 ሰከንድ በሚሳሳት የእጅ ሰዓት ሩጫውን ለክቶ ቢሆን ኖሮ ከሰዓቱ የሚመጣው ስሕተት አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ጣቱ አዝራሩን ለመጫን የምትዘገይበት ጊዜ ራሱ ከሰከንድ ሁለት ዐሥረኛ ያህል ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ልዩነት በእጅ በሚጫን ሰዓት ማንም ሰው ሊለየው አይችልም፤ የሰዓቱ ጥራት ምንም ያህል ቢሆን። ስለዚህ ቆይታን ለመለካት የታሰበ ፍላጎት ሁሉ ከመዝገብዎ ላይ ይሰረዝ፤ ማንኛውም የሚሠራ ሰዓት ያሟላዋል።

ደረጃ 2፦ የሚችሉትን ስሕተት ሰዓቱን በሚያስተካክሉበት የቀን ብዛት ያካፍሉ

ከተረፈው ዝርዝር ውስጥ አነስተኛውን ቁጥር ይውሰዱ። ከዚያም ሰዓትዎን ሳይሰለቹ በስንት ቀን አንድ ጊዜ ሊያስተካክሉ እንደሚችሉ ለራስዎ በሐቀኝነት ይንገሩ። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው ሲያካፍሉ የሚገኘው፣ ሰዓትዎ በቀን ሊኖረው የሚገባ የስሕተት ጣሪያ ነው።

አንድ ደቂቃ የሚችልና በየሳምንቱ የሚያስተካክል ሰው 60 ለ7 ሲካፈል፣ በቀን ከ8 ሰከንድ በላይ ስሕተት መሸከም ይችላል። ያው ሰው በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስተካክል ከሆነ ጣሪያው ወደ 2 ሰከንድ ይወርዳል። ግማሽ ደቂቃ ብቻ የሚችልና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያስተካክል ሰው ደግሞ፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖርና በጋና ክረምት ሲፈራረቁ የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ሲለወጥ ብቻ ሰዓቱን የሚነካ፣ በቀን ከሰከንድ ሁለት ዐሥረኛ የማይሞላ ስሕተት ያለው ሰዓት ይፈልጋል። ሦስቱም ሰዎች የሚኖሩት ኑሮ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ በሚፈልጉት ሰዓት መካከል ያለውን የሃምሳ እጥፍ ልዩነት ያመጣው ግን በአብዛኛው ስንፍናቸው ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ስንፍና ሕጋዊ ፍላጎት ነው፤ ዋጋውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ለንጽጽር ያህል፣ የሰው ሕይወት በእጅ ሰዓት ላይ ይመሠረት በነበረበት ጊዜ የተጠየቀው ምን ያህል እንደ ነበር ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኪፕተን በተባለች ጣቢያ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1891 ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጩ፤ ምክንያቱም የአንደኛው ባቡር ነጂ ሰዓት ለ4 ደቂቃ ቆሞ እንደገና መሄድ በመጀመሩ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ዌብ ቦል በተባለ ሰዓት ሠሪ መሪነት የባቡር ሠራተኞች ሰዓት መደበኛ መመዘኛ ወጣለት፤ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ መሳሳት አይፈቀድም ተባለ። ይህ በቀን ሲሰላ 4 ሰከንድ ገደማ ነው። በአንድ ሐዲድ ላይ ወዲህና ወዲያ የሚሄዱ ባቡሮችን ለማስተላለፍ የበቃ ትክክለኛነት፣ ለምሳ ቀጠሮ አይበቃም ማለት ያስቸግራል።

ደረጃ 3፦ ያገኙትን ቁጥር ከሰዓት ዓይነቶች ጋር ያስተያዩ

በባትሪ የሚሠራ ተራ የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ፣ ኳርትዝ ከተባለ ድንጋይ የተሠራ፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ትንሽ ሹካ አለ። ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ ዐሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት ሲከፈል በትክክል አንድ ስለሚመጣ፣ ሰዓቱ በቀላል የኤሌክትሮኒክ ቆጠራ የሰከንድ ምት ያገኛል። እንዲህ ያለ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በወር 15 ሰከንድ፣ ማለትም በቀን ግማሽ ሰከንድ ያህል ይሳሳታል። በርካሽነቱ የታወቀው የካሲዮ ኤፍ-91 ደብልዩ እንኳ አምራቹ የሰጠው ወሰን በወር 30 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት የሆነው ሴይኮ አስትሮን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ቶኪዮ ላይ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 450,000 የን፣ ስሕተቱም በወር 5 ሰከንድ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ብዙም የማይርቅ ትክክለኛነት በመንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ ይሸጣል።

ሞተሩ በጥቅል ሽቦ የሚሠራው፣ ማለትም በእጅ የሚሞላው ወይም በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው ሰዓት፣ በዚህ ረገድ ከኳርትዝ ጋር አይወዳደርም። በብዙዎቻችን እጅ የሚገኙት የሴይኮ 5 ዓይነት ሰዓቶች ሞተር በቀን እስከ 20 ሰከንድ ወደ ኋላ ሊቀር ወይም እስከ 40 ሰከንድ ሊቀድም እንደሚችል አምራቹ ራሱ ይገልጻል፤ በተግባር ግን አብዛኞቹ ከዚህ የተሻለ ይሄዳሉ። በስዊዘርላንድ ኮስክ በተባለው ተቋም ለ15 ቀናት፣ በ5 አቀማመጥና በ3 የሙቀት መጠን ተፈትሾ «ክሮኖሜትር» የሚል ማረጋገጫ የሚያገኝ ሞተር በአማካይ በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ መቅረት፣ ከ6 ሰከንድ በላይ መቅደም የለበትም። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለራሱ ሰዓቶች ያወጣው ወሰን በሁለቱም አቅጣጫ 2 ሰከንድ ነው። አንባቢው ልብ ይበል፦ ከእነዚህ ሁሉ ተራው ባለ ባትሪ ሰዓት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥቅል ሽቦ ያለውን ሰዓት የሚገዛ ሰው የእጅ ሥራን፣ ዕድሜን፣ ምናልባትም የአባት መታሰቢያን ይገዛል እንጂ ትክክለኛነትን አይገዛም፤ ሻጭ በትክክለኛነት ስም ዋጋ ሲቆልልበት አይቀበል።

ከተራው ኳርትዝ በላይ ደግሞ የሙቀትን ለውጥ እያሰሉ የሚሠሩ አሉ፤ የግራንድ ሴይኮ ባለ ባትሪ ሞተር በዓመት 10 ሰከንድ፣ ሲቲዝን እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ ያቀረበው ሞተር ደግሞ በዓመት 1 ሰከንድ ብቻ እንደሚሳሳት ተነግሮለታል። የመጨረሻዎቹ ከውጭ በሚመጣ ምልክት ራሳቸውን የሚያስተካክሉት ናቸው። በሬዲዮ ምልክት የሚስተካከል ሰዓት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን የት እንደሚኖር መጠየቅ አለበት። በጀርመን ፍራንክፈርት አጠገብ ያለው ማሠራጫ እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰማል፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ ያለው ለሰሜን አሜሪካ ያገለግላል። አዲስ አበባ ከፍራንክፈርት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ ከውጭ በስጦታ የተላከ የዚህ ዓይነት ሰዓት አገር ቤት ሲደርስ እንደ ማንኛውም ተራ ኳርትዝ ይሄዳል። በጂፒኤስ ወይም በስልክ በኩል የሚስተካከለው ግን በሁሉም አገር ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን ከታመነ ምንጭ ጋር ያስማሙ

ፈተናውን ለመጀመር ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። በጣም ቅርብ የሆነው ስልክ ነው፤ ይሁን እንጂ በቅድሚያ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ሰዓትና ቀን «በራሱ ይስተካከል» የሚለው መመረጡን ያረጋግጡ። ስልኩ ሰከንድ የማያሳይ ከሆነ የደቂቃው ቁጥር የሚለወጥባትን ቅጽበት ይጠብቁ፤ ያች ቅጽበት ዜሮ ሰከንድ ናት። ቴሌቪዥንን ማመሳከሪያ ማድረግ አይገባም፤ በሳተላይት ወይም በኢንተርኔት የሚመጣ ሥርጭት በመንገድ ላይ ብዙ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ከእ.ኤ.አ. 1924 ጀምሮ በቢቢሲ ሬዲዮ የሚሰማው የስድስት ድምፅ ምልክት እንኳ በኢንተርኔት ሲደመጥ ዘግይቶ ይደርሳል።

በሰዓቱ ጎን ያለችውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ሲስቧት የሰከንድ ቆጣሪው ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ ይሳቡ፤ የደቂቃ ቆጣሪውን ጥቂት አሳልፈው ወደ ኋላ በመመለስ በሚቀጥለው ደቂቃ መስመር ላይ በትክክል ያሳርፉ፤ ስልኩ ደቂቃውን ሲለውጥ ማዞሪያዋን ይግፉ። አንዳንድ ሰዓቶች፣ በተለይ የቆዩ የሴይኮ 5 ሞዴሎች፣ ማዞሪያቸው ቢሳብም የሰከንድ ቆጣሪያቸው አይቆምም። ለእነዚህ ማስማማቱን ይተዉትና በመጀመሪያው ቀን ሰዓቱ ከስልኩ በስንት ሰከንድ እንደሚለይ ብቻ ይጻፉ፤ ፈተናው የሚለካው የልዩነቱን ለውጥ ስለ ሆነ መነሻው ዜሮ መሆን የለበትም።

አንዳንድ ሰው ላለማርፈድ ብሎ ሰዓቱን ዐሥር ደቂቃ ያስቀድማል። ይህ ልማድ በብዙ ቤት የግድግዳ ሰዓት ላይ ይታያል፤ ውጤቱ ግን ብዙ አይዘልቅም፤ አእምሮ ዐሥሯን ደቂቃ መቀነስ ወዲያው ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ እያረፈደም ትክክለኛውን ሰዓት ሳያውቅ ይኖራል።

ደረጃ 5፦ ለሁለት ሳምንት ይለኩ

ሰዓቱን እንደ ወትሮው እያሰሩ፣ በተቻለ መጠን በየዕለቱ በአንድ ሰዓት፣ ከስልኩ ጋር ያለውን ልዩነት ይጻፉ። ሰዓቱ ከቀደመ የመደመር፣ ወደ ኋላ ከቀረ የመቀነስ ምልክት ያድርጉ። ለባለ ጥቅል ሽቦ ሰዓት ቀን በቀን መጻፍ ጥሩ ነው። ለኳርትዝ ግን የቀኑ ስሕተት ከዓይን ግምት ስለሚያንስ መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ መጻፍ ይበቃል፤ እንዲያውም ወር ቢጠብቁ የተሻለ ነው። የሰከንድ ቆጣሪን በዓይን ሲያነብቡ ግማሽ ሰከንድ መሳሳት ያለ ነው፤ በአንድ ቀን ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ስለ ኳርትዝ ሰዓት መፍረድ ስለዚህ ዋጋ የለውም።

ሁለት ሰዓቶችን በምሳሌ እንመልከት። የመጀመሪያው በ3ኛው ቀን 21 ሰከንድ፣ በ7ኛው 50፣ በ14ኛው ደግሞ 97 ሰከንድ ቀደመ እንበል። ሁለተኛው በ3ኛው ቀን 24 ሰከንድ ቀደመ፤ በ7ኛው ቀን ግን 6 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ፤ በ14ኛው እንደገና 10 ሰከንድ ቀድሞ ታየ። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ሁለተኛውን ሰዓት ይመርጣል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተሳሳተው 10 ሰከንድ ብቻ፣ በቀን ሲካፈል አንድ ሰከንድ የማይሞላ ነውና።

ደረጃ 6፦ ከስሕተቱ ብዛት ይልቅ ጽናቱን ይመርምሩ

የተሻለው ግን የመጀመሪያው ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ሲሰላ በቀን 7 ሰከንድ ያህል እየቀደመ ሄዷል፤ ነገም 7 እንደሚቀድም መናገር ይቻላል። ሁለተኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን 8 ሰከንድ ቀደመ፣ ቀጥሎ በቀን ከ7 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ቀረ፣ ቀጥሎ እንደገና ቀደመ፤ ስሕተቶቹ እርስ በርሳቸው ስለ ተካካሱ ብቻ ትክክለኛ መሰለ። እንዲህ ያለ ሰዓት ዘይቱ ደርቆ፣ ወይም ከውስጡ አንድ ነገር ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን ጤነኛ ነው፤ የሚያስፈልገው ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ መርከበኞች ከሁላችንም የቀደመ ልምድ አላቸው። በባሕር ላይ የምሥራቅና የምዕራብ አቅጣጫን ርቀት በፀሐይና በሰዓት ለሚያሰላ መርከበኛ፣ የ4 ሰከንድ ስሕተት በምድር ወገብ አካባቢ ወደ 1.85 ኪሎ ሜትር ስሕተት ይሆንበታል። እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን የሠራው አራተኛው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1761 መጨረሻ ወደ ጃማይካ በመርከብ ተጭኖ ሲሄድ፣ ከ81 ቀናት በኋላ የተገኘበት ስሕተት 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር፤ ይህ ግን ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ኋላ እንደሚቀር አስቀድሞ የታወቀው መጠን ከተቀነሰለት በኋላ ነው። ሰዓቱን ታላቅ ያሰኘው አለመሳሳቱ ሳይሆን፣ ሁልጊዜ በአንድ ልክ መሳሳቱ ነበር። የመርከብ ሰዓቶች ከዚያ በኋላም በየቀኑ አይስተካከሉም ነበር፤ ስሕተታቸው በመዝገብ ይጻፋል፤ በሒሳብ ይታረማል።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ይሆናል። የሰዓትዎ የቀን ስሕተት በደረጃ 2 ካገኙት ጣሪያ በታች ሆኖ ጽኑ ከሆነ ሥራው አልቋል፤ ምንም አይንኩት። ከጣሪያው በላይ ሆኖ ጽኑ ከሆነ በደረጃ 7 ያለውን ይሞክሩ። ከጣሪያው በላይም ቢሆን በታች፣ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ከሆነ ወደ ሰዓት ሠሪ ይውሰዱት።

ደረጃ 7፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚሞከሩ ነገሮች

ባለ ጥቅል ሽቦ ሰዓት እንደ አቀማመጡ ፍጥነቱን ይለውጣል። ሌሊት ሲያወልቁት ለጥቂት ቀናት ገጹን ወደ ላይ አድርገው፣ ቀጥሎ ለጥቂት ቀናት ማዞሪያዋን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አድርገው በጎኑ በማቆም ይሞክሩና ይመዝግቡ። ቀን የሚቀድመውን ሌሊት የሚያካክስ አቀማመጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ለዚህ የሚከፈል ሳንቲም የለም። ሰዓቱ በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ደግሞ ማግኔት ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ የድምፅ ማጉያ፣ የቦርሳ መዝጊያና የስልክ መያዣ ሽፋን ማግኔት አላቸው። መርፌ ያለው ኮምፓስ ወደ ሰዓቱ ሲያስጠጉ መርፌው ከተወዛወዘ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ማግኔቱን ማስለቀቅ ለሰዓት ሠሪ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሞተሩን ማስፈታት አያስፈልግም።

የኳርትዝ ሰዓት ጠላት የሙቀት ልዩነት ነው። የውስጡ ድንጋይ በአብዛኛው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲሠራ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከዚያ በላይም ቢሞቅ በታችም ቢቀዘቅዝ ይዘገያል። 10 ዲግሪ ሲርቅ በቀን 0.3 ሰከንድ ያህል ያጣል፤ 20 ዲግሪ ሲርቅ ግን ጉድለቱ አራት እጥፍ ሆኖ ከ1 ሰከንድ ያልፋል። ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ መኪና ውስጥ ተትቶ የሚውል ሰዓትም፣ በአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ በመሳቢያ ውስጥ የሚከርም ሰዓትም በእጅ ላይ ከሚውለው ይልቅ ወደ ኋላ ይቀራል። የሰው ክንድ ሙቀቱን ስለሚጠብቅለት፣ ማሰሩ ራሱ መድኃኒት ነው። የሰከንድ ቆጣሪው ሁለት ሁለት ወይም አራት አራት ሰከንድ እየዘለለ መሄድ ከጀመረ ግን ብዙውን ጊዜ ባትሪው ማለቁን የሚያስታውቅበት መንገድ ስለ ሆነ ቶሎ ያስለውጡ፤ ያለቀ ባትሪ ውስጥ ሲቆይ ፈስሶ ሞተሩን ያበላሻል።

ወደ ሰዓት ሠሪ መሄድ ካስፈለገ የሁለት ሳምንቱን መዝገብ ይዘው ይሂዱ። «ይቀድማል» ብሎ መስጠት ባለሙያውን በጨለማ መስደድ ነው፤ «በቀን 7 ሰከንድ ይቀድማል፣ ሌሊት ገጹ ወደ ላይ ሆኖ ያድራል፣ ሰዓት ሠሪ ካየው ስድስት ዓመት ሆኖታል» ቢሉት ግን ማስተካከያዋን ትንሽ ይነካት ወይስ ፈትቶ ዘይት ይቀይር እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል። ሰዓቱን ሲቀበሉም ፈተናውን እንደገና ይጀምሩ፤ ማስተካከያው የተሠራው በጠረጴዛ ላይ ስለ ሆነ በእርስዎ ክንድ ላይ ውጤቱ ሊለይ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ከሰከንድ በፊት የሰዓቱንና የቀኑን ስሕተት ይዝጉ

በሰከንድ የሚጨነቅ ሰው በስድስት ሰዓት ሊሳሳት ይችላል። በአገራችን አቆጣጠር ቀኑ ከንጋት ስለሚጀምር፣ የአውሮፕላን ትኬትና የውጭ ፈተና ጥሪ ግን በፈረንጆች ሰዓት ስለሚጻፍ፣ በረራ ያመለጣቸው ሰዎች ሰዓታቸው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ንባባቸው ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው ከአዲስ አበባ ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት እንደ ሆነ ካላስታወሰ፣ የቤተሰብ የስልክ ቀጠሮው በዓመት ሁለት ጊዜ ይዛባል። ስለዚህ ሰዓትዎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሄድ አንድ ጊዜ ይወስኑ፤ ሁለቱንም የሚፈልጉ ከሆነ በአኃዝ ሳይሆን በቆጣሪ መርፌ የሚያሳይ ሰዓት ይመረጣል፤ የአንዱ ንባብ በገጹ ላይ ከሌላው ትይዩ ላይ ስለሚገኝ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል።

ሰዓትዎን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉና የቀን መስኮት ያለው ከሆነ፣ ቀኑ የሚለወጠው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ስለ ሆነ፣ ያ 12 የንጋቱ እንጂ የምሽቱ እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ ምሽት ላይ ከተለወጠብዎ ሰዓቱን 12 ሰዓት ወደ ፊት ያዙሩት። ቀኑን በፍጥነት በሚለውጠው የማዞሪያ ደረጃ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አይጠቀሙ፤ በእነዚያ ሰዓታት የቀኑ ጥርስ ተያይዞ ስለሚገኝ ሊሰበር ይችላል። የሰዓቱ መስኮት 31 ቀን የሚቆጥር ሲሆን የእኛ ወሮች ሁሉ 30 ስለ ሆኑ፣ በየወሩ በ1ኛው ቀን መስኮቱ 31 ብሎ ይጠብቅዎታል፤ ያን ጊዜ ማዞሪያዋ መሳቧ ካልቀረ፣ ቀኑን ሲያርሙ እስከ መጨረሻው ስበው ሰከንዱንም ከስልኩ ጋር ያስማሙ። በዚህ ልማድ የሚኖር ሰው በደረጃ 2 ያካፈለበት ቁጥር 30 ይሆናል፤ ተራው ባለ ባትሪ ሰዓትም ከ15 ሰከንድ በላይ ሳይሳሳት ወሩን ይጨርስለታል። ጳጉሜን ላይ ግን ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ቀን በኋላ መስኮቱን እስከ 1 ድረስ ሃያ አምስት ያህል ጊዜ ማዞር አለብዎት፤ ይህንንም በመስከረም 1 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ያድርጉት።